እማዬ፣ ጸጉርሽን ምላጭ አታስነኪው

ውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ልጄ "አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?" እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች።

ስልክ ላይ ከራስሽ ላይ አጥንት የተነሣበትን ቦታ ስለሚሸፍነው ኦፕሬሽን ሳነሣብሽ "ብረት በራሴ ይዤ አልቀበርም" ብለሽ ስትዘጊው ደንግጬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ወንድሜ ይሄን ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ሂርማታ ላይ ባጃጅ ሲገጭሽ አንጎልሽ አብጦ ነበር። የራስ ቅልሽ አጥንት የተነሣው እብጠቱ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ሕይወትሽን ያተረፈው ይሄ ነው። ይሄን ቁጭ አድርጎ ያስረዳን ሰው ግን አልነበረም። "ተርፋለች፣ ውሰዷት" ተባልን፣ ወረቀት ተሰጠን፣ በቃ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለፋሲካ ጅማ መጥቼ ጸጉርሽን ስሠራልሽ እጄ በግራ በኩል ጎድጓዳው ላይ ዐረፈ። ጣቴ ሥር እንደ ልብ ይመታ ነበር። ስታስዪ ወጣ አለ፣ መልሶ ገባ። ምንም ሳልልሽ ሹሩባውን ጨረስኩ። ከሥሩ ከቆዳ በቀር ጠንካራ ነገር የለም እኮ፣ እማዬ። ማድቤት ውስጥ ብትወድቂስ? ይሄ ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ሳምንት ሲቲ ስካንሽን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያኔ የተነሣው አጥንትሽ ስለተበከለ እሱን መልሶ መግጠም አይቻልም። ብረት ያልሽው ቲታኒየም ነው። አይዝግም፣ ማግኔትም አይስበውም። ለአንቺ የታሰበው ግን እሱ አይደለም፣ የአጥንት ሲሚንቶ የሚሉት ነው። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለራስ ቅል ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። ዱቄቱና ፈሳሹ ሲቀላቀል እንደ ሊጥ ይሆናል። ሳይደርቅ በራስሽ ልክ ቅርጽ ያስይዙታል። ሲጠነክር በጣም ይግላል፤ አንጎሉን እንዳይጎዳ ውሃ እያፈሰሱ ያቀዘቅዙታል። ከትንንሽ ማያያዣዎች በቀር ብረት የለበትም። ፒክ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክም አለ፤ በሲቲ ስካኑ ተለክቶ አስቀድሞ ይሠራል፣ ቅርጹም ልክክ ይላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ውጤቱን አልደብቅሽም። ብዙ ሰው ላይ በደህና ይይዛል። ጎድጓዳው ከተሸፈነ በኋላ ሲነሡ ማዞሩና ራስ ምታቱ የተዋቸው፣ ንግግራቸውና ጉልበታቸው የተሻሻለ አሉ። ሁሉም ላይ ግን አይሆንም። ከሥሩ ደም ሊጠራቀም ይችላል፣ የሚጥል በሽታም ሊነሣ ይችላል። እኔን ያስፈራኝ ማመርቀዙ ነው። መድኃኒት የሚደርሰው በደም ነው፣ ሲሚንቶው ደግሞ ደም ሥር የለውም። ጀርም አንዴ ከተለጠፈበት አብዛኛውን ጊዜ አውጥቶ ወራት መጠበቅ፣ ከዚያ እንደገና መጀመር ነው።

ስለዚህ ደጋግሜ የጠየቅኩት ስለ ቆዳው ነው። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ወዲያው ገባኝ። ጨርቁ ካጠረ የፈለገ ጥሩ ክር ቢሆን ስፌቱ ይተረተራል። የራስ ቆዳ እንደ ሆድ ቆዳ አይለጠጥም። ያንቺ ደግሞ አንዴ ተከፍቶ፣ አመርቅዞ የዳነ ነው፤ ጠባሳው አካባቢ ሳስቷል። በሳሳ ቆዳ ሥር የገባ ነገር ቀስ እያለ ቆዳውን በልቶ ብቅ ይላል። ከጭን ቆዳ ልጦ መለጠፍም አይሆንም፤ ከሥሩ ደም ካላገኘ አይይዝም፣ ይሞታል። ሐኪሙ የሳሳውን ቦታ ካየው በኋላ ካላመነው ከጎን ያለውን የራስ ቆዳ ከነደም ሥሩ አዙሮ ያለብሰዋል። ይሄን ሳያይ ቀን እንዳይቆርጥ ለምኜዋለሁ።

ስኳርሽም መውረድ አለበት። ቁስል አልድን የሚለው እሱ ሲበዛ ነው። ቡናውን በጨው ጠጪው፣ ካልሆነም እንዲሁ። ትንሽ ነው ብለሽ በማንኪያ ጫፍ አትጨምሪ፣ አውቅሻለሁ።

እንድትሠሪው እፈልጋለሁ፣ እማዬ። ነጠላዬ ይንሸራተታል ብለሽ ለቅሶ መድረስ ትተሻል። ከጎረቤት ሁሉ ቀድመሽ የምትደርሺው አንቺ ነበርሽ። ግን አልሠራም ካልሽ ቃልሽን አከብራለሁ። ብቻ አልሠራም ስትዪ ፈርተሽው ሳይሆን አውቀሽው ይሁን።

ቅዳሜ በማለዳው አውቶቡስ እነሣለሁ፣ ሰኞ አብረን ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን። ጎረቤት "ለኦፕሬሽን ይላጫል" ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ምላጭ ቆዳውን ይጭረዋል፣ በጭረቱ ጀርም ይገባል። መነሣት ካለበት እዚያው በማሽን ያነሡታል። እስከዚያ እኔ መጥቼ አበጥርልሻለሁ።

ልጅሽ