ዶክተር፣ እግሬንም እዩልኝ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስኳር በሽታ ሲወራ ክርክሩ ሁሌ ምግብ ላይ ነው፤ ጤፍ ይሻላል ገብስ፣ ሙዝ ይበላል አይበላም። እግርን የሚያነሳ የለም።

እናቴ ስኳር ካለባት ቆየች። ቀጠሮዋ ላይ አብሬያት እሄዳለሁ። ጣቷን ተወግታ ስኳሯ ይለካል፣ ግፊቷ ይታያል፣ መድኃኒት ይጻፍላታል፣ በቃ፣ ቀጣይ! ጫማሽን አውልቂ ያላት ሰው አላጋጠመንም። ሐኪሞቹ ላይ አልፈርድም፣ የኮሪደሩን ሰልፍ አይቼዋለሁ። ግን እኮ የእግር ስሜት የሚፈተነው በአንዲት ቀጭን የናይለን ክር ነው። ጫፏን የውስጥ እግር ላይ ጫን አድርጎ "ይሰማሻል?" ማለት ነው፣ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። ስኳር ያለበት ሰው ይሄን ቢያንስ በዓመት አንዴ ማግኘት አለበት።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቭ ይጎዳል፣ ደም ሥሩም ይጠባል። አንዳንዱን እግሩን ያቃጥለዋል፣ ውርር ያደርገዋል። ሌላው ግን ጭራሽ ምንም አይሰማውም፣ የሚያስፈራውም ይሄኛው ነው፤ ሚስማር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አያውቅም፣ ደም በደንብ ስለማይደርስ ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ ያመረቅዛል፣ ሲብስም እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

እኛ ቤት ማታ ማታ ከዜና በኋላ እግር ይታያል። እናቴ ዓይኗ ደከም ስላለ የማየው እኔ ነኝ፤ ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን፣ በተለይ የጣቶቹን መሃል። ብቻውን የሚኖር ሰው መስታወት መሬት ላይ አስቀምጦ ማየት ይችላል። ከታጠበ በኋላ የጣቶቹ መሃል በደንብ ይደረቅ። ቫዝሊን ለተረከዝ ጥሩ ነው፣ ጣት መሃል ግን አይቀባም፣ እርጥበቱ ፈንገስ ያመጣል። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። የደረቀ ቆዳን በምላጭ መላጥ ደግሞ እባካችሁ ይቅር!

ዋናው ጭቅጭቃችን ክረምት ላይ ነው። በረደኝ ትልና እግሯን ወደ ከሰሉ ትዘረጋለች። የማይሰማ እግር እየተቃጠለ መሆኑን በምን ያውቃል? ሙቅ ውሃም ቢሆን መጀመሪያ በክርን ይለካል። ካልሲ ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጫማ አታውልቂ ልላት አልችልም፣ ብላትም አትሰማኝም። ስለዚህ ወፍራም ነጭ ካልሲ ታደርጋለች፤ ነጩ ደም ወይም መግል ካለ ወዲያው ያሳብቃል። ግቢው ጠጠር ላይ ግን ጫማዋን አድርጋ ነው የምትሄደው፣ በዚህ ተስማምተናል። ጫማ ስትገዙም ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ እግር ሲውል ያብጣል።

ቁስል፣ መቅላት ወይም የቀለም ለውጥ ካያችሁ ቅጠል እየለጠፋችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀጠሮ ላይም ማንም ባይጠይቃችሁ ካልሲያችሁን ራሳችሁ አውልቁና "ዶክተር፣ እግሬንም እዩልኝ" በሉ። ነርሶቹም ግፊት ሲለኩ ታካሚው ጫማውን እንዲያወልቅ ቢያደርጉት፣ ሐኪሙ ጋ ሲገባ እግሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ