አንዱ ኩባያ የአንቺ ነው

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የመጨረሻው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። መልሱን ረጋ ብዬ በሰፊው እጽፋለሁ ስል ሳምንት አለፈ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ሐፍረቱ እየቀደመኝ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ። በዚያ ደብዳቤ አንድ ቀን አብረን የአውሮፓን የገና ገበያዎች እንዞራለን የተባባልነውን አስታውሰሽኝ ነበር። ባለፈው ዲሴምበር ብቻዬን ሄድኩ፤ በየደረስኩበት ልቤ አንቺን አንቺን ሲለኝ ስለከረመ ያየሁትን ሳልነግርሽ ሌላ ዓመት እንዲያልፍ አልፈለግሁም። ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የጀመርኩት ከፈረንሳይዋ ከተማ ከስትራስቡርግ ነው። ገበያው ከ1570 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ የተወለደውም የፕሮቴስታንት ሰባክያን የቅዱስ ኒኮላስን ገበያ አጥብቀው በመቃወማቸው የከተማው ምክር ቤት ያንን አስቀርቶ በሕፃኑ ክርስቶስ ስም በተካው ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ጓጉቼ ብሄድም የደረስኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ በካቴድራሉ ዙሪያ ባሉት ጠባብ መንገዶች ሰው ከሰው ተጣብቆ ቆም ብሎ አንድ ዕቃ መመልከት እንኳ አልተቻለኝም። ከዚያ ወዲያ በቅዳሜና በእሑድ ወደ የትኛውም የገና ገበያ አልሄድኩም።

ጀርመን አገር፣ ኑርንበርግ ከተማ የገባሁት ሰኞ አመሻሽ ላይ ነው። በዋናው አደባባይ፣ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ ጣሪያቸው ቀይና ነጭ መስመር ባለው ጨርቅ የተሸፈነ የእንጨት ዳሶች ተሰልፈዋል። ከደረቀ ፕሪም የተሠሩ፣ ራሳቸው ዋልነት ከተባለው ፍሬ የሆነ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ይሸጣሉ፤ የዝንጅብል ኬኩም በለውዝና በቅመም የበለጸገ ስለሆነ መዓዛው ከሩቅ ይቀበልሻል። ገበያውን በየዓመቱ የምትከፍተው የወርቅ ዘውድ የደፋች ወጣት ናት፤ ለሁለት ዓመት ተመርጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ላይ ሆና ሕዝቡን በግጥም ትቀበላለች። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የዚህ ገበያ ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃ ከ1628 የተገኘ አንድ ሞላላ የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ በግርጌው ላይ የሰፈረው ቃል አንዲት ወጣት ለሌላ ሴት ከገና ገበያው የላከችው ስጦታ መሆኑን ይናገራል። የነገሥታት ዐዋጅ ሳይሆን የሁለት ሴቶች ወዳጅነት የገበያውን ታሪክ ጠብቆ ማቆየቱን ሳስብ፣ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩሽ ቆጠርኩ።

ስለ ሌላዋ የጀርመን ከተማ፣ ስለ ድሬስደን ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። የዚያ ገበያ ታሪክ በ1434 የሳክሶኒው መስፍን ዳግማዊ ፍሪድሪክ ከገና በፊት ባለው ሰኞ ለአንድ ቀን እንዲቆም ከሰጠው ፈቃድ ይጀምራል። ሽትሪትሰልማርክት የሚለውን ስሙን ያገኘው ዛሬ ስቶለን ከሚባለው፣ በዘቢብ ከተሞላውና ስኳር ከተነሰነሰበት የገና ዳቦ ጥንታዊ መጠሪያ፣ ከሽትሪትሰል ነው። ዳቦው በጾም ወራት ያለ ቅቤ ይጋገር ስለነበር ደረቅና ጣዕም የለሽ ሆኖ ኖሯል፤ የሳክሶኒ መሳፍንት ለሮማው ጳጳስ አቤት ብለው፣ በ1491 ጳጳሱ ኢኖሰንት ስምንተኛ በደብዳቤ ቅቤን ፈቀዱ። የዛሬውን ዳቦ ስቆርስ የዚያ ደብዳቤ ውጤት በእጄ ላይ ነበር።

ከዳቦው ይልቅ ግን ረጅም ሰዓት ያቆመኝ እንጨቱ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ባለው የማዕድን ተራራ አገር፣ በተለይም ዛይፈን በተባለች መንደር፣ ሰዎች ቆርቆሮ የሚሆነውን ማዕድን እያወጡ ይኖሩ ነበር። ማዕድኑ እየመነመነ ሲሄድ ወደ እንጨት ሥራ ዞሩ፤ ድንጋይ ይወቅጥላቸው የነበረውን የወንዝ ጉልበትም እንጨት እያሽከረከረ ለሚያስቀርጸው መሣሪያ፣ ለቶርኖ አዋሉት። ማዕድን ቆፋሪ በክረምት ሳይነጋ ወደ ጉድጓድ ገብቶ ከመሸ በኋላ ስለሚወጣ ብርሃን ይናፍቀው ነበር ይባላል፤ በየመስኮቱ ሻማ የተደረደረበት ቅስት የሚቆመውም፣ በሻማ ሙቀት ክንፉ የሚሽከረከረው ፒራሚድ የሚሉት የእንጨት ጌጥም የዚያ ናፍቆት ልጆች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ የቀለበት ቶርኖ ጥበብ ነው። ባለሙያው ከእርጥብ ጥድ ግንድ የተቆረጠ ክብ እንጨት በቶርኖ ላይ አስሮ፣ ቀለበቱን ከውጭም ከውስጥም በመሮ ይቀርጸዋል። እየቀረጸ ሳለ የሚታየው ጎድጎድና ወጣ ያለ ክብ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቀለበቱ እንደ ድፎ ዳቦ በቀጫጭኑ ሲሰነጠቅ ግን ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጎን ፈረስ ወይም ላም ብቅ ይላል። ባለሙያው እንስሳውን የሚያየው በልቡ ነው፤ እጁ የሚከተለው ልቡ ያየውን ነው። ከአንድ ቀለበት አንድ መንጋ ይወጣል! እኔ ገበያን በሸቀጡ ብዛት የምለካ ሰው ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሻጩ ዕቃውን በገዛ እጁ ሠርቶት እንደሆነ ነው።

ልማዱ ከአውሮፓም ወጥቶ ሩቅ ሄዷል። በቺካጎ ከ1996 ጀምሮ በኑርንበርጉ አርአያ የተቋቋመ ገበያ አለ፤ በጃፓኗ ሳፖሮም ከእኅት ከተማዋ ከሙኒክ ጋር ባላት ወዳጅነት ከ2002 አንሥቶ በኦዶሪ መናፈሻ ይቆማል። እነዚህን አላየኋቸውም፤ ከአንቺ ጋር ለማየት አስቀርቻቸዋለሁ።

የምትመጪ ከሆነ በዲሴምበር መጀመሪያ፣ በሥራ ቀን፣ ልክ ሲመሽ እንድንደርስ እንወስናለን። ብዙዎቹ የጀርመን ገበያዎች ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች ከመጀመሪያው አካባቢ ተከፍተው በ23ኛው ወይም በ24ኛው ቀን ስለሚዘጉ የገናን በዓል ጠብቆ የመጣ ሰው ባዶ አደባባይ ያገኛል። ሦስት ከተማ ከማዳረስ በአንዱ ሦስት ምሽት መቆየት እንደሚሻልም አሁን ተረድቻለሁ።

ትኩሱ ወይን ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ፈልቶ የሚቀዳው በሸክላ ኩባያ ነው፤ ለኩባያው ማስያዣ ትከፍያለሽ፣ ስትመልሺ ገንዘቡ ይመለስልሻል። በድሬስደን የመጨረሻ ምሽቴ የሁለት ኩባያ ማስያዣ ከፍዬ ሁለቱንም ሳልመልስ መጣሁ። አንዱ የአንቺ ነው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። የሚመችሽን ሳምንት ብቻ ጻፊልኝ፤ እኔም በተራዬ መልሱን በዚያው ቀን እልክልሻለሁ።

የዘወትር ወዳጅሽ