ምሬት ከበር ውጭ

ደሴ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልክ እያለ እንዲህ መጠፋፋታችን ይገርማል። በስልኩም ቢሆን «ሰላም ነው? ሰላም ነው» ተባብለን ነው የምንዘጋው። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። ደሴ እንደምታውቂያት ናት። የጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ ሰነበተ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

«አሁንም እዚያው ናት?» ብለሽ ጠይቀሻል አሉኝ። አዎ፣ እዚያው አረጋውያን መጦሪያ ነኝ። ሥራው አይከብደኝም። የሚከብደኝ አብራኝ የምትገባው ሴትዮ ናት። ፈረቃ ስንረከብ ገና ጋውኗን ሳትለብስ ትጀምራለች። ደመወዙ አይረባም፣ ኃላፊው አይረባም፣ ሻዩ ቀጥኗል። «ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምትለፊው?» ትለኛለች። ማታ ቤቴ ገብቼም ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ጨጓራዬን ልጣዋለች ብልሽ ማጋነን አይደለም።

ቢሮ ብሠራ ኖሮ ወንበሬን አዙሬ እገላገላት ነበር። እዚህ አይቻልም። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል። የአልጋ ቁስል ደግሞ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይድንም። ብቻሽን ልጎትት ካልሽ ቆዳቸው ይላጣል፣ ያንቺም ወገብ ይሄዳል። ስለዚህ አንሶላውን እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ ይዘን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለታችን ግድ ነው። ብንኮራረፍ የሚጎዳው መሐል ላይ የተኛው ሰው ነው።

አንጀቴን የበላውን ልንገርሽ። ከወረኢሉ የመጡ አንዲት እናት አሉ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞታል፣ አንደበታቸውም ተሳስሯል። ጆሯቸው ግን ከኔና ካንቺ ይሻላል። ያቺ ሴትዮ አንሶላ እየቀየርን በላያቸው ላይ «ቀን ብትቀይሪላት፣ ሌሊት ብትቀይሪላት፣ አትደርቅም እኮ!» ትለኛለች። ከዚያ ወዲያ ውሃ ሳቀርብላቸው ከንፈራቸውን ግጥም ማድረግ ጀመሩ። ሻይም እምቢ። በደህናው እጃቸው ኩባያውን ገፋ ያደርጉታል። ሽንታቸው ጠቆር አለ፣ ሲመሽ መቃዠት ጀመሩ። ነርሷን ስጠራት «ፈሳሽ አንሷቸዋል» አለች። ብቻችንን ስንሆን ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ ይጠጡ፣ የምቀይርልዎ እኔ ነኝ፣ ምንም አይከብደኝም» አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና ኩባያውን እስከ ታች ጨለጡት። ለካ እንዳያስቸግሩን ብለው ነው ጥማቸውን ይዘው የሚውሉት!

ከዚያ በኋላ የጨጓራዬ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ኮሪደር ላይ ጠራኋትና «ለኔ የፈለግሽውን አማርሪ፣ እሰማሻለሁ። ከዚህ በር ወዲያ ግን አንድ ቃል እንዳትወጣሽ። እማማ ውሃ የተዉት ባንቺ አፍ ነው» አልኳት። «አንቺ ደግሞ ጻድቅ ሆንሽ» ብላ አኮረፈችኝ። ታኩርፍ እንጂ! ክፍል ውስጥ ግን አፏን ሰብሰብ አድርጋለች። አንዳንዴ ያመልጣታል። ያኔ ቶሎ ብዬ ወሬውን ወደ እማማ እወስደዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ከምታማርረው ግማሹ ልክ ነው። ጓንት ያልቃል። ሰው አይበቃም። ይሄን በአፍ ማለት ትተን መረካከቢያ መዝገቡ ላይ መጻፍ ጀመርን፣ ከነፊርማው። የተጻፈውን ኃላፊው አልሰማሁም ሊል አይችልም፤ ጓንቱ መጣ። አሁን ራሷ «ጻፊው፣ ጻፊው» ትለኛለች። ደመወዙ እንኳ እዚያው ነው።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሱቋ ተዘርፎ ነው ወደዚህ ሥራ የመጣችው። ወዳ አይደለም። ታሳዝነኛለች። ግን ዕዳዋን እማማ አይከፍሉላትም።

ሰው ሁሉ «ናቂያት» ይለኛል። አንድ አንሶላ ይዘሽ እንዴት ትንቂያለሽ? እናቴ ደግሞ «አብሽሪ፣ ዱአ አድርጊላት» ትላለች። አደርጋለሁ፣ መዝገቡንም እጽፋለሁ። ቡና ሲፈላ አቦሉን አብሬያት እጠጣለሁ። ቶናው ላይ ሐሜቱ ስለሚጀምር «ሥራ አለኝ» ብዬ ብድግ ነው። በረካው ይቅርብኝ።

በይ ያንቺን ንገሪኝ። ያቺ ስታሽሟጥጥብሽ የነበረችው አለቃሽ አለች ወይስ ተገላገልሽ? እናንተጋ አንድ ሰው ለስንት አልጋ ነው የሚመደበው? ለኃላፊው የማሳየው ነገር ፈልጌ ነው፣ ሳትረሺ ጻፊልኝ። እናትሽን ሰኞ ገበያ አግኝቻቸው «ለመስቀል ትምጣ በይልኝ» ብለዋል። እኔም ብያለሁ።

ያንቺው