ፎቶው ላይ ላልታያችሁት

ልጄ ትናንት በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ፎቶውን አይታችሁ እንኳን ደስ አለሽ ላላችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የዚህ ምስጋና ባለቤቶች ፎቶው ላይ የሉም።

ስወልድ እንኳን ማርያም ማረችሽ ተባልኩ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ልጅቷን ሳያት የሰው አደራ የተቀበልኩ ነው የሚመስለኝ። እሷ ተኝታ እንኳ እንቅልፍ የለኝም። «አራስ ሆዷ ይባባል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ግን እሱ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ የኔ ይባስ ብሎ ቁጭ አለ። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

ለ45 ቀን ክትባት ስንሄድ ነርሷ ልጅቷን ወግታ ጨረሰችና «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። እዚያው ተንሰቀሰቅኩ። በሩን ዘጋች። ራሴን ወይ ልጄን ለመጉዳት አስቤ እንደሆነም ሳትሸሽ ጠየቀችኝ። ይሄ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድብርት ሕመም ነው፣ ክፉ እናት ስለሆንሽ አይደለም ብላ ራሷ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። እያጠባሁ የምወስደው መድኃኒት ታዘዘልኝ። (ጸበልም ሄጃለሁ፣ ሁለቱ አልተጣሉም።)

ደግሞ እማማ፣ አማቴ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም «አንቺ እረፊ» እያለ ልጅቷን ከእጄ ይቀበለኝ ነበር፣ በቅንነት ነው፣ ግን በወሰዷት ቁጥር ይበልጥ ትርቀኛለች። ነርሷ «የልጅቷን ልብስ አውልቀሽ ደረትሽ ላይ አስተኛት፣ ዛሬውኑ ውደጃት አላልኩሽም፣ ያዣት ብቻ» ብላኝ ነበር። እማማ ይህን ሲሰሙ ልጅቷን መቀበል ትተው እኔን ከጀርባ ደገፉኝ። ነጠላቸውን ደረቡልን። ማታ ማታ ውሃውን እሳቸው ያሞቃሉ፣ ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው ስለተባልኩ ጎንበስ ብዬ ፊቴን አስጠጋታለሁ፤ መጀመሪያ እያፈርኩ፣ ኋላ ለምጄው። አንድ ማታ ሳሙና በአፍንጫዋ ላይ እንዳለ ፈገግ አለችልኝ፣ እኔም ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። እማማ ከኩሽና እየሮጡ መጥተው ብቻቸውን እልል አሉ።

ባለቤቴ፣ የሌሊቱን ዳይፐር አልረሳሁትም። አጥሚት ይዘሽ መጥተሽ አንድም ምክር ሳትሰጪኝ ዕቃ አጥበሽልኝ የሄድሽው ጓደኛዬ፣ አንቺንም።

መድኃኒቱን ገና አላቆምኩም፣ የሚከፋኝ ቀንም አለ። ነርሷ፣ ይሄ ከደረሰሽ፣ የሚቀጥለው ክትባቷ በ14 ሳምንቷ ነው። ያን ቀን ተረኛ ሁኚልኝ።