ብራምስን ወደ ብዕሩ የመለሰው ክላርኔት

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ክላርኔት ትምህርትሽ ስትጽፊልኝ «ሌላ ሰው የጻፈውን ሙዚቃ ከመንፋት ሌላ እኔ ምን ፈጠርኩ?» ያልሽው ከልቤ አልወጣ ብሏል። ባለፈው ሳምንት ከእናትሽ ጋር ኦስትሪያ ውስጥ ባድ ኢሽል ሄደን ነበር፤ እዚያ ሆኜ ሳስብ የዋልኩት አንቺን ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ኢሽል በትራውን ወንዝ ዳር፣ በተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። የቀድሞ እንጀራዋ ጨው ነበር። ሐኪሞች የጨው ውኃ መታጠብን ማዘዝ ሲጀምሩ፣ ፅንስ አልጸናላቸው ብሎ የተቸገሩት ልዕልት ሶፊ መጡ። በ1830 ልጃቸው፣ ኋላ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ፍራንዝ ዮሴፍ ተወለዱ፤ እሳቸውንና ወንድሞቻቸውን ሰዉ «የጨው ልዑላን» ይላቸው ነበር። ፍራንዝ ዮሴፍ ከነገሡ በኋላም በየበጋው ከኢሽል አልቀሩም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ሲወርዱ መኳንንቱ ተከትለው እንደሰፈሩት ሁሉ፣ እዚህም ሹማምንቱ፣ ተዋንያኑና የሙዚቃ ሰዎቹ ተከተሉ።

የንጉሠ ነገሥቱን ቪላ አየን። ግድግዳው ያደኗቸው የተራራ ፍየሎች ቀንድ ብቻ ነው። በሥራ ክፍላቸው ያለው ጠረጴዛ ግን ልቤን ከበደው፤ ሐምሌ 28 ቀን 1914 በሰርቢያ ላይ ጦርነት ማወጃቸውን ለሕዝባቸው የገለጹበትን ጽሑፍ የፈረሙት በዚያ ቤት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ከኢሽል ወጡ፤ እስኪሞቱም አልተመለሱም። እናትሽ እዚያ ክፍል ብዙ መቆየት አልፈለገችም።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። የሙዚቃ ደራሲው ዮሐንስ ብራምስ ከ1889 እስከ 1896 በየበጋው ኢሽል ክፍል ይከራይ ነበር። በዋልስ ዳንስ ሙዚቃዎቹ የታወቀው ዮሐን ስትራውስ እዚያው ቪላ ነበረው፤ ብራምስም ቤተኛ ነበር። አንድ ጊዜ ከስትራውስ ቤት ሴቶች አንዷ ማራገቢያዋን አቅርባ ፈርምልኝ ብትለው፣ የስትራውስን የዳኑብ ዋልስ መጀመሪያ በኖታ ጽፎ ከሥሩ «የሚያሳዝነው፣ የዮሐንስ ብራምስ አይደለም» አለበት። ያን የሚያህል ሰው የሌላውን ሥራ እንዲህ ማክበሩ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ይኸው ሰው በ1890፣ በ57 ዓመቱ፣ ከእንግዲህ ሙዚቃ መጻፍ በቃኝ ብሎ ለአሳታሚው አሳውቆ ነበር። በዓመቱ መጋቢት ላይ በጀርመን አገር በማይኒንገን መስፍን ኦርኬስትራ ውስጥ ሪቻርድ ሙልፌልድ የሚባል ክላርኔት ተጫዋች ሰማ። ልብ በይ፣ ሙልፌልድ ኦርኬስትራው ውስጥ የተቀጠረው በቫዮሊን ነበር፤ ክላርኔቱን የተማረው በራሱ ጥረት ነው። አንዲት ኖታ ሳይጽፍ ብራምስን አስነሳው። በዚያው በጋ ኢሽል ላይ የክላርኔት ትሪዮውና (ለሦስት ተጫዋቾች) ኩዊንቴቱ (ለአምስት ተጫዋቾች) ተጻፉ፤ በ1894 ደግሞ እዚያው ለክላርኔትና ለፒያኖ የተጻፉት ሁለቱ ሶናታዎች ተጨመሩ። አንቺ ሌሊት ሌሊት የምታጠኚው የመጀመሪያው ሶናታ፣ ሙልፌልድ ባይነፋ ኖሮ አይኖርም ነበር። ታዲያ እሱ ምንም አልፈጠረም ትያለሽ?

ለእረፍት ስትመጪ ሦስታችን አብረን እንሄዳለን። የሙዚቃ ደራሲው የፍራንዝ ሌሃር ቪላ ከወንዙ ዳር ነው፣ እሱን ለአንቺ ብለን ሳናይ ትተነዋል። ክላርኔትሽን እንዳትረሺ፤ እናትሽ የሶናታውን ሁለተኛ ክፍል በአንቺ እጅ መስማት ትፈልጋለች። የባቡሩን ቲኬት እኔ እቆርጣለሁ፣ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።

አባትሽ