ከሊድበሪ ኖርዝ እስከ ጎንደር፦ ለፕላውደን ቤተሰብ የትውልድ መዝገብ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፤

የዘመነ መሳፍንትንና የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ዋልተር ፕላውደን የሚባለውን የእንግሊዝ ቆንስል ያውቀዋል። በ1843 ከጓደኛው ከጆን ቤል ጋር ወደ አገራችን ገባ። በ1848 ቆንስል ሆኖ ተሾመ፣ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ፣ ራስ ዓሊ ሲወድቁም የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ሆነ። በ1860፣ በእኛ አቆጣጠር በ1852 ዓ.ም.፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ተነሥቶ ሳለ የሸፈተው የጋረድ ሰዎች በጎንደር አቅራቢያ አቁስለው ማረኩት። የጎንደር ሰዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት። ቁስሉ ግን ጸናበትና እዚያው ጎንደር አረፈ። ንጉሡ ደሙን ለመመለስ ባደረጉት ዘመቻ ቤልም እሳቸውን ሲከላከል ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ሁለቱንም በስማቸው አንሥተዋቸዋል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጥሪ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሰውየውን ሥራ በእኛ በኩል እናውቀዋለን። ከማን እንደተወለደ፣ ወንድሞቹ እነማን እንደነበሩ፣ ሲሞት ወረቀቱ በማን እጅ እንደገባና ከዚያም ለማን እንደተላለፈ ግን ተሟልቶ በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም፤ በአማርኛማ ጭራሽ የለም። በእንግሊዝ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያንና የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠኑ እንግሊዛውያን ወዳጆቻችን ይህን ሥራ በጋራ ጀምረናል። የፕላውደንን ቤተሰብ የትውልድ መዝገብ ከነማስረጃው በሁለቱ ቋንቋዎች አዘጋጅተን ለማንም ክፍት ለማድረግ ነው የተነሣነው። እስካሁን ወጪውን ከኪሳችን ሸፍነናል። ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ግን ከአቅማችን በላይ ስለሆነ እናንተን ለመጠየቅ ተገደናል።

ለአንድ የእንግሊዝ ባላባት ቤተሰብ የዘር ሐረግ እኛ ለምን ገንዘብ እናዋጣለን የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሳችን ይህ ነው፦ የባላባት ቤት ወረቀት የሚጓዘው ውርስን ተከትሎ ነው። ቆንስሉ ለመንግሥቱ የጻፈው በቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ለቤተሰቡ የጻፈውና በራሱ እጅ የነበረው ግን ከወንድም ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ የልጅ ልጅ የሚሄድ ነው። ዋልተር ስለ አገራችን የጻፈውን ረቂቅ ወንድሙ ትሬቨር ቺቸሊ ፕላውደን በ1868 አሳትሞታል፤ መቅደላ በወደቀችበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ ረቂቁ በትሬቨር እጅ ነበረ ማለት ነው። ከትሬቨር በኋላስ? ይህን ሊነግረን የሚችለው የትሬቨር ወራሾች ዝርዝር ብቻ ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ራስ ዓሊ አሉ፣ ደጃዝማች ውቤ አሉ፣ ካሣ ገና ዐፄ ቴዎድሮስ ሳይባሉ አሉ። ከመታተሙ በፊት የተቀነሰ ነገር ካለ፣ የተቀነሰው የእኛ ታሪክ ነው።

ቤተሰቡ ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ከዌልስ ድንበር አጠገብ ባለው በሽሮፕሺር አውራጃ ካለች ፕላውደን ከምትባል ቦታ ነው። ቦታዋ የምትገኘው ቢሾፕስ ካስል ከተባለችው አነስተኛ ከተማ ብዙ በማይርቀው በሊድበሪ ኖርዝ ደብር ውስጥ ነው። የቅዱስ ሚካኤልና የመላእክት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጎኑ የፕላውደን ጸሎት ቤት፣ በሌላው ጎኑ የዎልኮት ጸሎት ቤት አለው። በአንድ ደብር ሁለት ባላባት ነበርና እያንዳንዱ ቤት የራሱ የጸሎትና የመቃብር ቦታ ነበረው። የዎልኮት ርስት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን ለእንግሊዝ ባስገበረው በሮበርት ክላይቭ ተገዛ። የፕላውደኖቹ ግን አልተሸጠም፤ ፕላውደን ሆል የሚባለው የእንጨት ማዕቀፍ ያለው ጥንታዊ ቤት ዛሬም በቤተሰቡ እጅ ነው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የምንለው እዚያ ሲፈጸም ይታያል። ቤቱ የግል መኖሪያ ስለሆነ ማንም በእኛ ስም ሄዶ በር እንዳያንኳኳ አደራ እንላለን።

ስለ ጸሎት ቤቱ የሚነገረው ታሪክ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሮጀር ደ ፕላውደን የተባለ የቤተሰቡ አባት በ1191 በአኮ ከበባ፣ ዛሬ እስራኤል ባለችው የወደብ ከተማ፣ ተዋግቶ በሰላም ቢመለስ ጸሎት ቤት ሊሠራ ተስሎ ነበር፤ ተመልሶም ስለቱን አደረሰ ይባላል። እኛ ይህን በመዝገቡ የምናስገባው ‘ትውፊት’ የሚል ምልክት አድርገንበት ነው። በ1623 የባላባት ቤቶችን ዓርማ የሚቆጣጠሩ የንጉሡ ሹሞች ሽሮፕሺርን ዞረው የባላባቱን ሁሉ የዘር ሐረግ ሲመዘግቡ፣ በየአገሩ እንደሚሆነው፣ አንዳንዱ ቤት ያማረ አባት ጨምሮበታል። ስለዚህ በእኛ መዝገብ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማስረጃው ይጻፋል፦ የደብር መዝገብ፣ ኑዛዜ፣ የፍርድ ቤት ጽሑፍ ወይም ትውፊት።

ከቤተሰቡ ሁሉ ስሙ የገነነው ኤድመንድ ፕላውደን ነው። በ1518 ተወለደ፤ በዘመኑ ወደር ያልነበረው የሕግ ሊቅ ሆነ፤ ዛሬም ለንደን ውስጥ ያለው፣ ሚድል ቴምፕል የተባለው የጠበቆች ማኅበር ታላቅ አዳራሽ የተሠራው በእሱ ኃላፊነት ነው። አገሩ ወደ ፕሮቴስታንት ሲዞር እሱ በካቶሊክ እምነቱ ጸና። ንግሥት ኤልሳቤጥ እምነቱን ቢተው የመንግሥቱን ከፍተኛ የሕግ ሹመት ልትሰጠው እንደነበርና አልፈልግም እንዳላት ይነገራል። የሞተበት ቀን ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሞተው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1585 ነው፤ በጊዜው የነበረ ጸሐፊ ግን 1584 ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲሱን ዓመት የምትጀምረው በብስራት በዓል፣ በማርች 25 ነበርና። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 የተጻፈን ቀን ሁሉ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ የሚገለብጡ ሰዎች ልጅ ከእናቱ ሠርግ በፊት እንደተወለደ አድርገው ይጽፋሉ።

የካቶሊክነቱ ነገር ሥራችንን ከሁሉ ያከበደው ነው። በእንግሊዝ ደብሮች የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ነው፤ ካቶሊክ ባላባት ግን ልጁን በድብቅ በገዛ ቄሱ ስለሚያስጠምቅ በደብሩ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ፕላውደን ሆል ውስጥ ቄስ የሚሸሸግባቸው ስውር ቦታዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች የምናገኛቸው በተቀጡበት ወረቀት ላይ ነው። በ1581 የወጣው ሕግ በደብሩ ቤተ ክርስቲያን ያልተገኘን ሰው በየወሩ 20 ፓውንድ ያስቀጣ ነበር፤ ከ1590ዎቹ ጀምሮ የተቀጪዎቹ ስም በልዩ መዝገብ ተይዟል። አሳዳጆቻቸው ያጠፉአቸው መስሎአቸው የጻፉት ዝርዝር ዛሬ የቤተሰቡ የትውልድ ማስረጃ ሆኗል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ሥራ ልቤን የሚነካው ይህ ክፍል ነው።

የዋልተር ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚለየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቅርንጫፉ የቤተሰብ መዝገብ የሚነሣው ከሰር ኤድመንድ ፕላውደን፣ ከሕግ ሊቁ የልጅ ልጅ ነው። ይህ ሰው በ1634 በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ኒው አልቢዮን የሚባል ግዛት እንዲያቀና የንጉሥ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር፤ ግዛቱ ግን አልጸናም። ዘሮቹ ቺቸሊ የሚለውን ስም ጨምረው፣ መሬት ለሌላቸው የባላባት ልጆች ሁሉ በር ወደነበረው ወደ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ገቡ።

ይህን ለመረዳት የሁለቱን አገር ርስት አስተያይቶ ማየት ይጠቅማል። የጎንደርና የጎጃም ሰው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ ቤት ቆጥሮ ርስት ይጠይቃል፤ ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ ሳይባል፣ በአባትም በእናትም በኩል ድርሻ አለው። ስለዚህ ትውልድ ቆጠራችን ወደ ጎን ይሰፋል፤ ሽማግሌዎቻችንም የአክስትን የልጅ ልጅ ሳይቀር በቃላቸው ይይዛሉ። የእንግሊዙ ባላባት መሬት ሳይቆረስ ለበኩር ወንድ ልጅ ያልፋል፤ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት እንኳ ሕጉ እስከ 1925 ድረስ ይኸው ነበር። የዘር ሐረግ መጽሐፎቻቸውም ግንዱን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ታናናሾቹ የተወለዱበትና የሞቱበት ዓመት ተጽፎላቸው ይታለፋሉ። ዋልተር የአባቱ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ነበር። በ19 ዓመቱ ካልካታ ሄዶ የባለቅኔው የራቢንድራናት ታጎር አያት በመሠረቱት ካር፣ ታጎርና ኩባንያው በተባለ የንግድ ቤት ተቀጠረ። የጠረጴዛ ሥራ አልተስማማውምና በ1843 ለቆ ወደ አገሩ ሲጓዝ ስዊዝ ላይ ከቤል ጋር ተገናኘ፤ የነጩን ዓባይ ምንጭ እንፈልግ ብለው ወደ እኛ አገር ተሻገሩ። የበኩር ልጅ ቢሆን ኖሮ ሽሮፕሺርም ይሁን ሌላ ቦታ መሬቱን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ጎንደርን አያያትም ነበር።

እኛ የምንሠራው እንግዲህ የእንግሊዙን የትውልድ መዝገብ በእኛ ሽማግሌዎች ደንብ፣ ወደ ጎን አስፍቶ መቁጠር ነው። እህቶችን፣ ያልወለዱ አጎቶችን፣ በስማቸው ለውጥ የጠፉ ያገቡ ሴቶችን ሁሉ እንጽፋለን፤ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ ዘንድ ነውና።

የዋናውን ግንድ ረቂቅ ጨርሰናል። የሚቀረው የዋልተርና የወንድሞቹ መስመር ሲሆን ማስረጃው በሦስት ቦታ ተበትኗል። ለንደን ውስጥ በኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ‘ኤፍ ኦ 1’ በሚባለው ክፍል፣ ስለ አቢሲኒያ የተጻጻፉት የውጭ ጉዳይ ደብዳቤዎች አሉ። እዚያው ከ1858 በፊት በካንተርበሪ ፍርድ ቤት የጸደቁ ኑዛዜዎች ይገኛሉ። በብሪቲሽ ላይብረሪ የህንድ ቢሮ መዛግብት ደግሞ የኩባንያው ሰዎች የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር ዝርዝር አለ፤ ለኩባንያው ጸሐፊነት ያመለከተ ወጣት የጥምቀት ወረቀቱን አያይዞ ያቀርብ ስለነበር ማመልከቻዎቹ ትልቅ ሀብት ናቸው። ሦስተኛው በሽሩስበሪ ከተማ ያለው የሽሮፕሺር ቤተ መዛግብት ነው።

በኪው ሰነዶቹን በራስ ካሜራ ማንሣት ነፃ ነው። ገንዘብ የሚበላው ማንበቡ ነው። የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጽሑፍ፣ ግማሹም በላቲን የሆነው፣ ለዛሬ እንግሊዛዊ እንኳ አይነበብም፤ በሙያው የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል። የቆንስሉ ደብዳቤዎች ሌላ ችግር አለባቸው። የሰውና የቦታ ስም ሁሉ በጆሮ እንደተሰማ ስለተጻፈ አማርኛ የማያውቅ ገልባጭ የደጃዝማቹን ስም ከመንደሩ ስም ሊቀላቅለው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ደብዳቤ የጎንደርን አገር የሚያውቅ ሰው አብሮ እንዲያነበው እንፈልጋለን።

የምንጠይቀው 5,400 ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ 2,600 ፓውንዱ ለጥንታዊ ጽሑፍ አንባቢዎች ክፍያ፣ 1,500 ፓውንዱ ለአማርኛ ትርጉምና እርማት፣ ቀሪው 1,300 ፓውንድ ለጉዞ፣ ለኑዛዜ ቅጂና ከ1837 ወዲህ ላሉት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃዎች ይውላል። የኮሚቴው አባላት ምንም አንቀበልም። ገንዘቡ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ በማይወጣበት የተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ተጽፎ ለለጋሾች ሁሉ ይላካል። የታሰበው ሳይሞላ ከቀረ ሥራውን ከትሬቨር ወራሾች እንጀምራለን፤ ወረቀቱ ይኖራል ብለን የምናምነው በእነሱ መስመር ስለሆነ። ቢተርፍ ደግሞ የጆን ቤልን ቤተሰብ በዚሁ ሥርዓት እናስከትላለን።

መዝገቡ ሲያልቅ ማንም በነፃ ያነበዋል፣ ይገለብጠዋል። በሕይወት ያሉ የቤተሰቡ አባላት ስም አይገባበትም። የግል ደብዳቤ ብናገኝም ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አንዲት መስመር አናወጣም።

ገንዘብ የሌላችሁ በሌላ ልትረዱን ትችላላችሁ። በበርሚንግሃምና በአካባቢው ያላችሁ መኪና ካላችሁ፣ ወደ ሽሩስበሪ የሚሄዱትን አንባቢዎች አድርሱልን፤ የባቡሩን ወጪ ታቀሉልናላችሁ። በዋሽንግተንም በሌላም ከተማ ያላችሁ ጋዜጠኞችና መምህራን፣ የአማርኛውን ረቂቅ ለማረም ፈቃደኛ ከሆናችሁ ስማችሁን ስጡን። ጎንደር ውስጥ ስለ ቆንስሉ አሟሟት ከአያቱ የሰማ ሰው የምታውቁ፣ ቃሉን በስልክ ቀድታችሁ ላኩልን፤ ከእነማን እንደሰማ፣ እነሱስ ከማን እንደሰሙ መጠየቅ አትርሱ።

መዋጮውን ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ የኮሚቴ አባል ስጡ፤ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትለያዩ። አምስት ፓውንድም ሆነ አምስት መቶ፣ ስማችሁ በመዝገቡ መጨረሻ በፊደል ተራ ይሰፍራል፤ እንዳይጻፍ የምትፈልጉ ስትሰጡ ንገሩን። እግዚአብሔር ይስጥልን።