አደይ አበባን የሚያውቅ ሰው ይሣለው

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ

ጉዳዩ፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩ የበዓል ባነሮችንና ፖስተሮችን ሰው እንዲሥላቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ፒያሳ አካባቢ የምሠራ ሠዓሊ ነኝ። የምተዳደረው በፖስተር፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በታፔላ ሥራ ነው። ገበያው ቀዝቅዟል፤ እሱን አልደብቅም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በዓል ሲመጣ በየአደባባዩ የምንሰቅለው ሥዕል ነው።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አንድ ትልቅ ባነር ተሰቅሎ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ሥዕሉን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም) እንደሠራው ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አደይ አበባ የተባለው መሐሉ የጠቆረ፣ ሰሃን የሚያክል የሱፍ አበባ ነው። የልጅቷ ቀሚስ ጥለት ደረቷ ላይ ሲደርስ መስቀል መሆኑ ቀርቶ ይዝረከረካል። ጀበናው የሸክላ ሳይሆን የናስ ማንቆርቆሪያ ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ከኋላ ያለው ጽሑፍ ነው። ከሩቅ ፊደላችንን ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት «ሀ»ም «ለ»ም የለበትም። የራሷ ፊደል ባላት አገር፣ በዋና ከተማዋ መሐል፣ ማንም የማያነበው ፊደል ተሰቀለ።

እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠለጥኑት ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ምስሎች ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው። ቢጫ አበባ ሲባሉ በብዛት ያዩትን ያመጣሉ። ነገ ፊደሉንም አደዩንም ያስተካክሉት ይሆናል። ያኔም ጥያቄዬ ያው ነው። መስከረም ሲጠባ እንጦጦ ዳገት ላይ አደይ ፈንድቶ ያየ ሰው የቱን እንደሚያጎላ፣ የቱን እንደሚተው ይመርጣል። ለምን እንዲህ አደረግህ ሲባልም መልስ አለው። (በእንቁጣጣሽ ጠዋት የሣልነውን ይዘን የጎረቤት በር ያንኳኳንበት ጊዜ፣ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ያ ነበር።)

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ አገር ተምረው ሲመለሱ ሹመት ከመቀበል ይልቅ አገራቸውን ዞሮ ማየት መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ያሳዩት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው። ቆይቶም በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስታወት ሥዕል እንዲሠሩ ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው ሕንፃ ነው። ያን ጊዜ ለወጣቱ ሠዓሊ በሩን የከፈተው የዚህችው ከተማ ማዘጋጃ ቤት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ዛሬም ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ወጣቶች ይመረቃሉ። ብዙዎቹ ሥራ የሚጀምሩት በትልቅ ሸራ አይደለም፤ በፖስተርና በባነር ነው። እጃቸው የሚፍታታው እዚያ ላይ ነው። እሱን ከነጠቅናቸው የነገውን የመስታወት ሥዕል ማን ይሠራዋል?

አንድ ደንበኛ ዋጋዬን ሰምቶ «ኤአይ በነጻ ይሠራልኛል» አለኝ። በገዛ ገንዘቡ ነው፣ መብቱ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ግን ሌላ ነው። ደግሞም የሕትመቱና የመስቀያው ሒሳብ ያው ይከፈላል፤ የሚቀረው የሠዓሊው ድርሻ ብቻ ነው። የባለቤትነት ጉዳይም አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ፍርድ ቤት ማሽን ብቻውን የሠራው ሥዕል የቅጂ መብት አያገኝም ብሎ ወስኗል። እኛም ጋ ተመሳሳይ ክርክር መምጣቱ አይቀርም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በበጀት የሚሠራ ባነር፣ ፖስተር ወይም የግድግዳ ሥዕል ጨረታ ሲወጣ፣ ሥዕሉን ሰው እንዲሠራው በግልጽ ይጻፍ። የሠዓሊው ስም ጥግ ላይ ይስፈር። ለረቂቅ ወይም ለቀለም ሙከራ ኤአይ የሚጠቀም ባለሙያ አለ፤ እሱን አትከልክሉት፣ ግን ይናገር። መነሻው መጪው እንቁጣጣሽ ይሁን። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል እስከ ለገሃር ለሚሰቀሉት ባነሮች ብቻ እንኳ ለወጣት ሠዓሊያን ውድድር አውጡ። ማስታወቂያው ሐምሌ ላይ ከወጣ በደንብ ይደርሳል። ረቂቆቹን የሚገመግም ሰው ካጠረ፣ እኔና የሙያ ጓደኞቼ ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፒያሳ ሠዓሊ